ግፊቷ የወረደ ዕለት

«ዛሬ ከወረደላት ይነገራታል፤ ካልወረደ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» አለ ባልየው ከድሮ ለሚስቱ።

እናቱ ዘይባ ይህን የሰማችው የሱብሒ ሶላቷን ሰግዳ ምንጣፏን እያጠፈች ሳለ ነው። በእሷ ክፍልና በልጇ መኝታ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ቺፑድ ነው፤ ቺፑድ ደግሞ ብርድ ቢያስቀር እንጂ ወሬ አያስቀርም። ምራቷ ሰልሚያ ምን ብላ እንደመለሰች አልተሰማም፤ አልጋው ብቻ ሲጢጥ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን «ምኑ ነው የሚነገረኝ?» ብሎ በደነገጠ ነበር። ዘይባ ግን ምንጣፏን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ፈገግ አለች። አረፋ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ልጇ በሐምሌ መጨረሻ ጤና ጣቢያ ወስዶ ሲያስመዘግባት፣ ነርሷ ፊት፣ «ግፊትሽ ከወረደ ለአረፋ እኔው ራሴ እህትሽ ሸምሲያ ጋ አደርስሻለሁ» ብሎ ቃል ገብቶላታል። እንግዲህ ሊነግሯት ያሰቡት ይህንኑ መሆን አለበት። እንደ ሕፃን በድንገት ሊያስደስቷት ፈልገዋል። ደስታቸውን ላለማበላሸት ጉሮሮዋን እንኳ ሳትጠርግ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ቡታጅራ ልጇ ቤት ከገባች አሥር ወር ሆኗታል። ያለፈው ኅዳር መስቃን ገጠር ካለው ጓሮዋ እንሰት ስትፍቅ ራሷን አዞራትና እዚያው መፋቂያው ጣውላ ሥር ወደቀች። ከድሮ በሰው ሰው ተጠርቶ መጣ፣ አቅፎ መኪና ላይ አወጣት፣ ከዚያን ቀን ወዲህ አገሯን አላየችም። ክፍሏ ጥሩ ክፍል ነው፤ ወለሉ ሊሾ፣ ፍራሹ ስፖንጅ፣ ግድግዳው ላይ የካዕባ ሥዕል፤ መስኮቱ ብቻ የጎረቤትን ቆርቆሮ አጥር እንጂ ሌላ አያሳይም። የወጡ ጨው ለእሷ ለብቻ ይቀነሳል። መጥረጊያ ስታነሳ ይቀሟታል፣ ውኃ ስትቀዳ ይቀሟታል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ «ተቀመጪ» የሚላት ሰው ያጣች ሴት አሁን «ተነሺ» የሚላት አጣች።

ከመቀመጡ የባሰው ደግሞ ዝምታው ነው። «ግፊቷ ይነሳል» የምትባለው ነገር የቤቱ ሕግ ሆናለች። ብርጭቆ ሲሰበር ስባሪው በጓሮ በር ይወጣል። የልጅ ልጇ ሳቢሪን ፈተና ስትወድቅ ወሬው ዘይባ ጋ ሲደርስ «አልፋለች» ነው። ከሰፈር ሰው ሲሞት ሰልሚያ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ትልና ዓይኗ ቀልቶ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ከሸማቾች ሱቅ ስኳር የጠፋ ዕለት እንኳ «ዛሬ ሻይ ሳያምረን ቀረ» ነው የሚባለው። ዘይባ ይህን ሁሉ ታውቃለች። እሷ ስትገባ ወሬ ሲቋረጥ፣ ቴሌቪዥኑ ሲቀነስ፣ ባልና ሚስት ዓይን ለዓይን ሲነጋገሩ ታያለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ትተወዋለች። ስለሚወዷት መሆኑን አትጠራጠርም፤ ፍቅር ግን እንዲህ አፍ የሚያዘጋ መሆኑን ከዚህ በፊት አታውቅም ነበር።

ሸምሲያ ታናሽ እህቷ ናት። ሁለቱ እህትማማቾች የተዳሩት ለሁለት ወንድማማቾች ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ቤቶች፣ አርባ ስንት ዓመት ኖረዋል። ሸምሲያ አልወለደችም፤ ከድሮን ያሳደጉት ሁለቱም ናቸው፣ ትንሽ ሳለ የትኛዋ እናቱ እንደሆነች ሲጠየቅ ያፍር ነበር። ባሎቻቸው በሁለት ዓመት ልዩነት ሲሞቱ ሁለቱ ሴቶች አንድ ማድቤት ውስጥ ገቡ። እንሰት ሲፋቅ አንዷ መሬት ተቀምጣ የግንዱን ልጣጭ ጣውላው ላይ በእግሯ ጫና ይዛ በቀርከሃ ስትፍቅ ሌላዋ ታቀብላለች፤ እግሯ ሲዝል ይቀያየራሉ። የዚያን ቀን፣ መኪናው ሊነሳ ሲል፣ ሸምሲያ መስኮቱን ይዛ «ሂጂ ታከሚና ነይ፤ ጣውላሽን ማንም አይነካብሽም» ብላት ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከድሮ ከሱቁ ቆርቆሮና ሚስማር ጭኖ ወደ ገጠር ይወጣል፤ ማታ ሲመለስ የእህቷን ሰላምታ ይዞላት ይመጣል። ድሮ «ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች» ብሎ የሚያልፍ ቁጥብ ልጅ ነበር። ከነሐሴ ወዲህ ግን ወሬው ጥሞለታል። የጓሮው ጎመን እንዴት እንደወፈረ፣ የጣራው ሣር የት ላይ እንደሳሳ፣ ሸምሲያ ምን ብላ እንደሳቀች ሁሉ ይነግራታል። በነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ላሚቱ ወለደች አላት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት እንስት ጥጃ። «ስሟን ዘይባ መጥታ ታውጣላት ብላለች» አላት። ዘይባ ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በማግስቱ ከሻሽ ሁሉ አረንጓዴውን አስገዝታ፣ ከሁለት ኪሎ ስኳር ጋር አድርጋ፣ በቅዳሜው መኪና ለእህቷ ላከች። ለጥጃዋም ስም ስትፈልግ ይኸው ወር አለፋት። አንዱን ትይዝና ማግስቱን ትጥለዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ይላታል። ድሮ ለገበያ ቡታጅራ የሚወጡት የቀዬዋ ሴቶች ዘንቢላቸውን ይዘው ይጎበኟት ነበር፤ ከነሐሴ ጀምሮ አንዲትም አልመጣች። አንድ ቀን ገበያ ዳር አንዷን ከሩቅ አይታ ስሟን ብትጠራት፣ ሴትዮዋ ዘወር ብላ አየቻትና ፊቷን በሻሿ ሸፍና በኪዮስኮቹ መሃል ገባች። «ሰው ከዓይን ሲርቅ ከልብ ይርቃል» ብላ ተቀይማለች። ለሸምሲያ የምትነግራት የመጀመሪያው ስሞታ ይህ ነው።

ጠዋት ከድሮ ቁርስ ላይ ዳቦውን ቆርሶ አልጎረሰም። ቀና ብሎ ያያትና መልሶ ብርጭቆው ውስጥ ያያል። ሰልሚያ ከማለዳ ጀምሮ ትልቁን ድስት ከላይኛው መደርደሪያ አውርዳ ታጥባለች፤ ያ ድስት ደግሞ ያለ ብዙ እንግዳ አይወርድም። ዘይባ ድስቱን አየች፣ ሳቋን በሻይ ዋጠችው። ለመሸኛዬ ሊደግሱ ነው ብላ አሰበች።

«በባጃጅ ሂጂ እማ» አላት ከድሮ። «ስትጨርሺም በባጃጅ ነይ። ሌላ ቦታ እንዳትቆሚ።»

«በእግሬ ነው የምሄደው። እግሬን ያቆመልኝ መሄዱ ነው ብላለች ነርሷ ሐና።»

«እሺ» አለ።

መስከረም አሥራ አምስት ቀኑ ነው። ነገ ደመራ፣ ከነገ ወዲያ መስቀል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ ጣራው በፍራሽና በጄሪካን አብጦ ይገባል፤ ከተሜ የሆነ የጉራጌ ልጅ ሁሉ ወደ እናቱ እየተመለሰ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ወያሎቹ የገጠሩን ቀበሌዎች ስም እየጠሩ ይጮኻሉ፤ የእሷም አገር ስም ሲጠራ ሰማች። ጉልበቷ ራሱ ወደዚያ ሊዞር ምንም አልቀረው። «ቆይ እስቲ፣ ዘጠኝ ቀን ነው» ብላ እንደ በቅሎ ልጓሙን ያዘችው። ጭቃው ገና አልደረቀም፣ አስፋልቱ ዳር አደይ አበባ የምትሸጥ ልጅ ተቀምጣለች፣ የቅቤው ዋጋ በአንድ ሳምንት አርባ ብር ጨመረ እያለ የሚራገም ሰውዬ ጠላቱን የሚፈልግ ይመስል መንገዱን ይቆርጣል። ዘይባ ልጇ እንዳይሰማ እንጂ ዋጋ ስትሰማ ደስ ይላታል። ከሰው እኩል የሆነች ይመስላታል።

ጤና ጣቢያው ጓሮ ካለው አዳራሽ ስትደርስ የሺመቤት ቀድማ ወንበር ይዛላታለች። የሺመቤት ጡረተኛ አስተማሪ ናት፤ ግፊቷን በአፏ የምታስተነፍስ ይመስል አፏ አያርፍም። በሐምሌ መጨረሻ አሥራ ሁለት አሮጊቶች ተሰብስበው «ስፖርት ትሠራላችሁ» የተባሉ ቀን መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ይኸው ጉዱን ሰማን፣ እንግዲህ ይጠባል» ብላ አዳራሹን አሳቀችው። ነገሩን ያመጣው ሄኖክ የሚባል ለሁለተኛ ዲግሪው የሚያጠና የስፖርት መምህር ነው። ግፊት ያለባቸው ትልልቅ ሴቶች በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት ቢያነሱ፣ ላስቲክ ቢስቡ፣ ከኪኒናቸው ጋር ግፊታቸው ይወርድ እንደሆነ ለማየት ነው። ሙስሊሞቹ እናቶች ወንድ ፊት አንንጠራራም ሲሉ እሱ በር ላይ ደብተሩን ይዞ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥና መጋረጃው ተዘግቶ ነርሷ ሐና ታሠራቸዋለች። ዕቃው የሀብታም ዕቃ አይደለም፤ አሸዋ የተሞላ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ረጅም ጠፍር፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ወንበር።

ዘይባ የመጀመሪያውን ቀን አትረሳውም። ተቀምጣ ላስቲኩን በእግሯ ረግጣ ሁለቱን ጫፎች ወደ ደረቷ ስትስብ እጇ ሥራውን ከእሷ በፊት አወቀው። «ይሄማ እንሰት መፋቅ ነው!» ብላ ጮኸች። ሄኖክ መጋረጃው ወዲያ ሆኖ ሳቀ፤ ደብተሩ ላይም ጻፈው። ከዚያ ግን አንድ ነገር ከነከናትና ሐናን ጠየቀቻት፤ ሃምሳ ዓመት ፍቄ ፍቄ ያልወረደ ግፊት በዚህ ጎማ እንዴት ይወርዳል? ሐና አልሳቀችባትም። «እማማ ዘይባ፣ ያኔ ማን ዕረፍት ሰጥቶዎት? ኪኒኑስ የት ነበር? ደግሞ ከባድ ነገር ሲስቡ ትንፋሽዎን ይይዛሉ፣ አይቼዎታለሁ። እዚህ ሲስቡ ያስወጡ፣ ሲለቁ ያስገቡ። ትንፋሽ መያዝ ነው የሚጎዳዎት» አለቻት። ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ዘይባ ይህንን አስባ ነበር። የልጇ ቤት ሁሉም ትንፋሹን ይዞ የሚኖርበት ቤት ነው።

መጀመሪያ ሳምንት መቶ ስልሳ ስምንት በዘጠና ስምንት ነበረች። ሁለት ጊዜ ልትተወው ብላለች። ትከሻዋ ሲያማት፣ ጎረቤቶች «ከድሮ እናቱን አሸዋ ያሸክማታል» ብለው ሲያሙ፣ የምትነሳው ሸምሲያን አስባ ነው። ሃይላንዱን ባነሳች ቁጥር አገሯ አንድ ክንድ የቀረበ ይመስላታል። «ለሸምሲያ» ብላ ታነሳለች፣ «ለጥጃዋ» ብላ ታወርዳለች። ሌሎቹ አንድ ሁለት ብለው ይቆጥራሉ፤ ዘይባ በእህቷ ነው የምትቆጥረው።

ዛሬ ስፖርት የለም፣ ልኬት ብቻ ነው። ሐና አሥር ደቂቃ ዝም ብላ እንድትቀመጥ አደረገቻትና ጨርቁን ክንዷ ላይ ጠቀለለች። ጨርቁ ሲያብጥ፣ ክንዷን ሲያንቃት፣ ፊሽ ብሎ ሲለቃት፣ ዘይባ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን እያስወጣች ጠበቀች። ሐና ሁለተኛ ለካች። ሦስተኛም ለካች።

«መቶ ሰላሳ ሁለት በሰማንያ።»

«ወረደ?»

«እንዴት አድርጎ እንጂ! ኪኒኑን እንዳያቋርጡ፣ ስፖርቱንም እንዳይተዉ። እንዲህ ከያዙማ ገና ብዙ ይኖራሉ።»

የሺመቤት እልል አለች። የራሷ አምስት ብቻ ነው የወረደው፤ «ምላሴን ስላልለካችሁት ነው» አለች፤ ለዘይባ ግን ከልቧ ደስ አላት። «አንቺ ለአረፋ እኔ ለመስቀል፣ እንዲህ ነው እንጂ!» ብላ ሁለት ጉንጯን ሳመቻት። ሐና ቁጥሩን ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ ሰጠቻት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ዘይባ ማንበብ ባትችልም ካርዱን እጇ ላይ ጨብጣ አዳራሹን ሁለት ጊዜ ዞረች። ከዚያ በር ላይ ወደተቀመጠው ሄኖክ ሄደች።

«ልጄ፣ አንድ ላስቲክ ትጨምርልኛለህ? የራሴ አለኝ፤ ለእህቴ ነው። እሷ ተለክታ አታውቅም። አንዳንዴ ራሴን ራሴን ትላለች። በአረፋ አስተምራታለሁ።»

ሄኖክ ከከረጢቱ ውስጥ መርጦ አዲሱን ሰጣት። «እርስዎ አስተማሪ ከሆኑማ እኔ ሥራ ፈታሁ» አላት። ዘይባ ሁለቱን ላስቲኮች ከካርዱ ጋር ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ከተተች።

ወደ ቤት ስትመለስ እግሯ መሬት አልነካም ማለት ይቻላል። መንገድ ላይ ድንገት፣ ምንም ሳታስብ፣ ስሙ መጣላት። በረካ። ግንባሯ ነጭ የሆነችው ጥጃ በረካ ትባላለች። እንዴት እስከዛሬ አልታየኝም ብላ በራሷ ሳቀች፤ ባጃጅ የያዘ ልጅ ለእሱ የሳቀች መስሎት ቆመላት። እጇን አወዛውዛ አሳለፈችው። በአረፋ ዋዜማ፣ የሴቶች አረፋ ዕለት፣ ጎመኑን በቅቤ ለውሰው ከሸምሲያ ጋር አንድ ገበታ ላይ ሲቀርቡ ታያት። «ጨው ቀንሺ» ብላ ልትቆጣት ነው። ሸምሲያም «ከተማ አበላሽቶሻል» ልትላት ነው።

ግቢው በር ላይ ጫማ ተደርድሯል። የወንድ ጫማ፣ የጎማ ጫማ፣ የገጠር ጭቃ የያዘ የሴት ሸበጥ። ሊወስዷት መጡ! ሳሎን ገባች። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ መሬቱ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፤ በአንድ በኩል ሐጂ ዑመይር፣ የሟች ባሎቻቸው የመጨረሻ ታናሽ ወንድም፣ ከሦስት ሽማግሎች ጋር ተቀምጧል፤ በሌላው በኩል ለሁለት ወር የራቋት የቀዬዋ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ገበያ ላይ ያመለጠቻትም አለች።

«አሰላሙ ዐለይኩም! ምነው፣ ሁለት ወር ሙሉ የት ገባችሁ? የራቀ ይረሳል የተባለው ለካ እውነት ነው!» አለች እየሳቀች። ማንም አልሳቀም። ሰላምታውን በዝቅታ መለሱላት። አንዷ ሴት ሻሿን ነክሳለች። ዘይባ ግን ደስታዋ ዓይኗን ሸፍኖባታል፤ ካርዱን ከብብቷ አውጥታ ለልጇ ዘረጋችለት። «አንብበው፤ ጮክ ብለህ አንብበው።»

ከድሮ ካርዱን ተቀበለ። ቁጥሩን አየና አላነበበውም፤ ወደ ሐጂ ዑመይር ዞረ።

«ወርዷል?» አለ ሐጂው።

«ወርዷል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሐጂው፤ ድምፁ ግን የሚያመሰግን ሰው ድምፅ አልነበረም። «እንግዲያው ተቀመጪ፣ ዘይባ።»

ያኔ ሁለት ሴቶች ከመቀመጫቸው ተነስተው በግራና በቀኝ መጥተው ቆሙ። ዘይባ ይህን አቋቋም ታውቀዋለች። ራሷም ስንቱን ሴት እንዲህ ይዛለች፤ መርዶ የሚረዳ ሰው እንዳይወድቅ ነው። አልተቀመጠችም። ዓይኗ ከፊት ወደ ፊት እየዘለለ ቀዬውን ቆጠረ። ይሄ አለ፣ ያቺ አለች፣ ልጇ አለ፣ ምራቷ ማድቤቱ በር ላይ አፏን ይዛ ቆማለች። ሁሉም አለ። አንዲት ሴት ብቻ የለችም።

«ሸምሲያ የታለች?»

«አላህ የሰጠውን አላህ ይወስዳል» አለ ሐጂ ዑመይር፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን...»

ቀሪውን የሴቶቹ ለቅሶ ዋጠው። ሁለቱ ሴቶች ክንዷን አጥብቀው ያዙ። ዘይባ መውደቅ ፈለገች። እህቱ የሞተችበት ሰው መሬት መውደቅ አለበት፤ ደረት መመታት፣ ጉልበት መታጠፍ አለበት። ጉልበቷ ግን እምቢ አለ። በሁለት ወር ወንበር ላይ ተነሺ ተቀመጪ እያለች ያጠነከረችው ጉልበት ቀጥ ብሎ ቆመ። ራሷን አላዞራትም፣ ዓይኗ አልጨለመባትም፣ ጆሮዋ ሁሉንም ቃል አንድ በአንድ ይሰማል። ትንፋሿ እንኳ እንደተማረው በገዛ ራሱ ይወጣል፣ ይገባል። ይዘዋት የቆሙት ሴቶች የሚይዙት ነገር አጥተው እጃቸውን ለቀቁ።

«መቼ?» አለች።

«በነሐሴ መጀመሪያ» አለ ሐጂው። «ራሴን አለች፣ ወደቀች። ያንቺኑ ጣውላ ላይ ስትፍቅ። ሌሊቱን አላደረችም።»

«ማን አጠባት?»

ገበያ ላይ የሸሸቻት ሴት እጇን ከፍ አደረገች። ዘይባ ወደ እሷ ሄደች፣ እጇን ያዘች፣ ያንን እጅ ሳመችው። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ዙሪያዋን ከበው አለቀሱ፤ እሷ ግን አየቻቸው። እነሱ ለቅሷቸውን ድሮ ጨርሰዋል። ቀብረዋል፣ ሰደቃ አብልተዋል፣ ወደ ማሳቸው ተመልሰዋል፤ አሁን የሚያለቅሱት ለእሷ ብለው ነው። የእሷ ግን ገና ዛሬ ሞተች። ለብቻዋ ሁለት ወር ወደ ኋላ የቀረች ሴት ሆነች፤ ይህን ያደረጓት ደግሞ የሚወዷት ሰዎች ናቸው።

ከብብቷ አዲሱ ላስቲክ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ሰልሚያ ልታነሳው ጎንበስ ስትል «ተይው፣ የሸምሲያ ነው» አለቻት።

ከድሮ እናቱ እግር ሥር ተንበርክኳል። ሁለት ወር ሙሉ በሱቁ ቆርቆሮ መሃል ተደብቆ ነው ያለቀሰው፤ እሱም እናቱ ናት የሞተችበት፤ ቤቱ ሲገባ ፊቱን ታጥቦ ሰላምታ ይዞ ነው የሚገባው። «ሐኪሙ ድንጋጤ አይቅረባት ብሎኝ ነበር፣ እማ። እሷን በአንድ ሌሊት ሲወስዳት አየሁ። አንቺንም ልጣ? ግፊቷ ይውረድና እንነግራታለን ተባባልን።»

«እንግዲህ ይህን ለመስማት ነው ለካ ስጠነክር የከረምኩት» አለች። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለው ነበር። «ሰላምታውን ማን ነበር የሚልክልኝ?»

«እኔ።»

«ጎመኑንም? ሳቋንም?»

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

«ሻሹስ?»

«ሱቅ ነው። ከነወረቀቱ።»

ከውጭ ለደመራው እንጨት የሚጎትቱ ልጆች እየጨፈሩ ሲያልፉ ተሰማ፤ ሐጂ ዑመይር መስኮቱ ይዘጋ ብሎ በእጁ አመለከተ፣ ዘይባ ግን ተዉት አለች። ለረጅም ጊዜ ልጇን አየችው። ከዚያ እንደፈራ ሰው ቀስ ብላ፣ ከሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጥጃዋስ?» አለችው።

ከድሮ ግንባሩን ጉልበቷ ላይ ደፋና እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ። እሷም ደግማ አልጠየቀችውም፤ እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች።

«በረካ ብዬ ስም አውጥቼላት ነበር» አለች፤ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።